«ችግር የለም» መልስ አይደለም

«አልጋ አለ?»

«አለ።»

«ውሻ ይዤ ነው የምመጣው።»

«ችግር የለም።»

«ውጭ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ነው ከኔ ጋር የምታድረው።»

«ችግር የለም አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።»

ባለፈው ጥቅምት፣ አርብ ማታ፣ በስልክ። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ዳር ያለ ሎጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው «እዚያ አንሄድም» ትሉና ሌላው ጋ ሄዳችሁ ያው ነገር ይገጥማችኋል። የማስያዣው አፕ ላይ «የቤት እንስሳት ይፈቀዳሉ» ከሚለው ፊት አረንጓዴ ምልክት ነበረ። እኔ ግን አረንጓዴ ምልክት አላምንም (ለምን እንደማላምን ኋላ እናዘዛለሁ)፤ ስለዚህ ደወልኩ። ሁለቴ ጠየቅኩ፣ ሁለቴ ችግር የለም ተባልኩ፣ የሁለት ሌሊት ሒሳብ በቴሌብር ላክሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በጓደኛዬ ቪትዝ ደረስን። ዳማ ከሞጆ ጀምሮ የኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። ዳማ ውሻዬ ናት፤ በቀለሟ ነው ያወጣሁላት፣ አባቴ ግን «የፈረስ ስም ለውሻ» እያለ እስከ ዛሬ ይስቃል። ገርጂ መንገድ ላይ ካርቶን ውስጥ ያገኘኋት የሐበሻ ውሻ ናት፤ ዘር የላት፣ ወረቀት የላት፣ ከክትባት ካርዷ በቀር። በሩ ላይ ጥበቃው ሰላም አለን፣ በመስኮቱ አጎንብሶ አያት፣ ከዚያ እጁን ወደ ገመዷ ዘረጋ።

«አምጣት ልጄ፣ እኛ ጋ ትደር።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ በሰንሰለት የታሰረ ትልቅ ጥቁር ውሻ አለ። ከእሱ ሦስት ሜትር ርቆ አንድ ባዶ ችካል ተተክሏል። አፑ ላይ ያለው አረንጓዴ ምልክት ያ ችካል ነበር ለካ።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ «ክፍል ውስጥ?» አለችኝ፣ አህያ ይዤ ልገባ የጠየቅኩ ይመስል። «ውሻ እኮ ናት!» በስልክ ያናገረኝ ሰው ማን ነው? አይታወቅም፤ ፈረቃው አልቋል። ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። «ለሌሎች እንግዶቻችን ምቾት ስንል» አለ። ገንዘቤስ? ቅድሚያ ክፍያ አይመለስም። ሌላ ቦታ ልፈልግ? ሊመሽ ነው፣ እና እዚያ አካባቢ ያሉት ሁሉም «ችግር የለም» ነው የሚሉት።

ጓደኛዬ ክፍሉ ውስጥ ተኛ። እኔና ዳማ መኪናው ውስጥ። ቪትዝ ውስጥ ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ጉልበት የተሠራው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ ከሐይቁ ወዲያ ጅብ ጮኸ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀረብ ብሎ ደገመ። ዳማ ጆሮዋን አቁማ መጥታ ክንዴ ስር ገባች። በገመድ የታሰረ፣ መሮጥ የማይችል ውሻ ለጅብ ምን እንደሆነ ገጠር አንድ ክረምት ያሳለፈ ሁሉ ያውቃል። ያን ችካል እያሰብኩ ነጋ።

ጠዋት ቁርስ ልንበላ በረንዳው ላይ ስንወጣ አንድ ፈረንጅ ነጭ ትንሽ ውሻ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንቁላሉን ይበላል። ከክፍሉ ነው የወጣው፤ ውሻው ደግሞ ፀጉሩ የትራስ ቅርጽ ይዟል። ወደ ሪሴፕሽን ሄድኩ።

«እሱስ?»

«እ… ያ እኮ የፈረንጅ ውሻ ነው። ክትባት አለው።»

«ካርዱን አይተሽዋል?»

አላየችውም። የዳማ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ማንም አልጠየቀኝም። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ በጣም በትሕትና ፈገግ ብላ «ችግር የለም» አለችኝ።

* * *

ከፈረንጁ ጋር ጠብ የለኝም። እሱም እንደኔ ደውሎ ይሆናል፣ እንደኔም ችግር የለም ተብሎ ይሆናል። ልዩነቱ የእሱ ችግር የለም እውነት መሆኑ ነው። ይሄን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ብሽቀት እዚህ ጋ ነው ያለው። ሎጁ ውሻ ቢከለክል አልጽፍም ነበር። ቢፈቅድም አልጽፍም። ሎጁ ግን አልፈቀደም አልከለከለምም። ደንብ የለውም። ደንብ በሌለበት ቤት የሚፈርደው በር ላይ የቆመው ሰው ዓይን ነው፤ ያ ዓይን ደግሞ የውሻውን ክትባት አያይም፣ የሚያየው የባለቤቱን ቆዳና ጫማ ነው።

አሁን ኑዛዜዬ። ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለአንድ ደንበኛ የሆቴል ማስያዣ ሲስተም ከሠሩት ሁለት ልጆች አንዱ ነኝ። ዳታቤዙ ውስጥ «የቤት እንስሳት ይፈቀዳሉ» የሚለውን ዓምድ የጻፍኩት በገዛ ጣቴ ነው። ዓይነቱ ቡሊያን ነው፤ ኮድ ለማትጽፉ፣ ቡሊያን ማለት ሁለት ነገር ብቻ የሚይዝ ሳጥን ነው፦ እውነት ወይም ሐሰት። መጀመሪያ ላይ ሳጥኑ ባዶ እንዲሆን ፈቅጄ ነበር። ባዶው «ነል» ይባላል፤ ነል ማለት ሐሰት ማለት አይደለም፣ «አይታወቅም፣ ማንም አልጠየቀም» ማለት ነው። እውነተኛው የሆቴሎቻችን መልስ እሱ ነበር። ደንበኛችን ግን ገጹን ሲያየው «ባዶ ቦታ ሲበዛ ደሃ ይመስላል፣ ሙሉት» አለን። ሞላነው። አንድ መስመር ኮድ ናት፦ ካልተነገረህ እውነት በል። በዚያች መስመር በአንድ ከሰዓት በኋላ በሲስተሙ ያሉ ሆቴሎች ሁሉ ውሻ ወዳድ ሆኑ። አንዳቸውም አያውቁም።

እሺ፣ ያ የኛ ስንፍና ነው በሉ። ሌሎቹ አፖች ሆቴሉ ራሱ እንዲሞላ ያደርጋሉ አይደል? ያደርጋሉ። ግን በሆቴሉ ቦታ ሁኑና አስቡት። ፊት ለፊታችሁ ብዙ ሳጥን ያለበት ቅጽ አለ፦ ዋይፋይ፣ ፓርኪንግ፣ የአየር ማረፊያ ሰርቪስ፣ የቤት እንስሳ። ሳጥኑን ምልክት ካላደረጋችሁበት፣ ፊልተሩን የተጫነ እንግዳ ጭራሽ አያያችሁም፤ ከዝርዝሩ ትጠፋላችሁ። ካደረጋችሁበት የምትከፍሉት ነገር የለም። ውሸት ሆኖ ሲገኝ እንግዳው ቀድሞ ከፍሏል፣ መሽቷል፣ 200 ኪሎ ሜትር ርቆ መጥቷል። እንዲህ ያለ ሲስተም ውስጥ እውነት የሚናገር ሆቴል ነው የሚቀጣው። «ውሻ አናስገባም» ብሎ በግልጽ የጻፈ ሆቴል ካያችሁ አክብሩት፤ ገበያ እያጣ ነው እውነት የነገራችሁ።

ስልኩም ያው ሳጥን ነው፣ ድምፅ ጨምሮበት። እኛ አገር ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፤ በስልክ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እምቢታው ይቀጠራል። የሚቀጠረው ደግሞ ለሆቴሉ በጣም ርካሽ ወደሆነበት፣ ለእንግዳው በጣም ውድ ወደሆነበት ሰዓት ነው፦ በር ላይ፣ ሻንጣ ተይዞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። እና እንግዳው ሲናደድ «አትቆጣ ወንድሜ» ይባላል። ጨዋ የሆነው ማን ሆኖ ነው?

* * *

«ባህላችን አይደለም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ይምጣ። ጃንሆይ ሉሉ የምትባል ቺዋዋ ነበረቻቸው፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደ ልቧ የምትመላለስ። ይሄን የምለው ንጉሥ ያደረገው ሁሉ ባህል ነው ለማለት አይደለም፤ ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩ ትናንት ከኢንስታግራም የመጣ ነገር አይደለም ለማለት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብዱ መልሶች ግን አሉ፣ እና እኛ ውሻ ያለን ሰዎች እነሱን የምንሰማው እየሳቅን ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው። እናቴ ልጅ ሆና ውሻ ነክሷት ፓስተር ተመላልሳለች። ያኔ የሚሰጠው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮው ዓይነት ነው፤ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋል። እናቴ ዛሬም ዳማን በሩቅ ነው ሰላም የምትላት፣ ያውም የልጇን ውሻ። እንዲህ ያለ ሰው ለዕረፍት ከፍሎ መጥቶ ኮሪደር ላይ ያለ ማሰሪያ የሚሄድ ውሻ ቢያጋጥመውና ቢጮህ፣ «አይነክስም እኮ!» ማለት ስድብ ነው። ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። ሙስሊም እንግዳ ምራቅ የነካው ወለል ላይ መስገጃ እንዲያነጥፍ የሚጠበቅበት ምንም ምክንያት የለም፤ ምራቁ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እጠብ የተባለ ሰው ነው። ኦርቶዶክሱም ቢሆን ውሻ ከደጅ አያልፍም ተብሎ ያደገው ብዙ ነው። ሦስተኛው ስለ እሷ ማንም የማያነሳት ክፍሉን የምታጸዳው ልጅ ናት። ፀጉሩን ከአልጋ ልብስ ላይ የምትለቅመው እሷ ናት፣ ሽንት ካለ የምትወለውለው እሷ ናት፣ ምንጣፍ ካለ ደግሞ ሽታው ስላልወጣ የምትቆጣው እሷ ናት። ለዚህ የሚጨመርላት ስንት ነው? ሥራ አስኪያጁ ችግር የለም ሲል የማን ችግር የለም ማለቱ ነው?

እነዚህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ልብ በሉ፣ አንዱም የ«ችግር የለም» ማስረጃ አይደለም። ሁሉም የሚሉት ደንብ ይኑር ነው። ምድር ላይ ያሉ፣ ወለላቸው ሴራሚክ የሆኑ፣ ምንጣፍ የሌላቸው ሁለት ክፍሎች ይለዩ። ምግብ ቤት አትግባ ይባል። ተጨማሪ ክፍያ ይኑር፣ የተወሰነው ክፍሉን ለምታጸዳው ልጅ ይሁን፣ እሷም ውሻ ከፈራች ሌላ ሰው ይመደብ። ወይም ደግሞ ጭራሽ አይግባ ይባል። ሁሉም ደንብ ነው፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ሁሉም ፈረንጁንም እኔንም እኩል ይገዛል።

* * *

እና ስለ በሽታ የምታወሩ ሆቴሎች፣ ቁጭ በሉና እናውራ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ከሚያዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን ስርጭቱ ይቋረጣል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የሰው ሞት ዜሮ ለማድረግ ዓለም አቀፍ ዕቅድ የተያዘውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የሚያሰጋው ጥያቄ «ውሻ አለ ወይ?» ሳይሆን «የተከተበ ነው ወይ?» ነው።

ውሻ የሌለበት ሆቴል ደግሞ አላየሁም። ሁሉም ግቢ ውስጥ አለ። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ የእንግዳ ትርፍራፊ ይበላል፣ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ተብሎ ለዚያ ነው የሚያዘው። በአጥር ቀዳዳ ወጥቶ ከሰፈር ውሾች ጋር ይነካከሳል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል፣ ቁርስ ላይ የእንግዶች ልጆች ይዳብሱታል። መከተቡን ስጠይቅ የማገኘው መልስ «እሱ እኮ የግቢው ነው» የሚል ነው። የግቢ መሆን ክትባት የሆነ ይመስል! እዚያ ሎጅ ውስጥ ያን ሌሊት ወረቀት ያላት ውሻ መኪና ውስጥ ታድራለች፣ ወረቀት ይኑረው አይኑረው ማንም የማያውቀው ግን መላውን ግቢ ይዞራል። ሆቴሎቻችን ውሻ አይጠሉም። ተቀጣሪ ውሻ ይወዳሉ፤ እንግዳ የሆነ ውሻ ነው ያልገባቸው።

ከዳማ ጋር አራት ዓመት ስዞር ካርዷን የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለ እሷ እመለስበታለሁ።

* * *

አሁን ደግሞ ወደኛ። ሆቴል ላይ ብቻ መጮህ ቀላል ነው።

ውሻ በሻንጣ ደብቃችሁ የምታስገቡ፣ እናንተ ናችሁ ለቀጣዩ ሰው በሩን የምትዘጉት። «ትንሽ ናት፣ አትታይም» ትላላችሁ፤ ትታያለች፣ ከሄዳችሁ በኋላ ትራሱ ላይ። በሆቴሉ ፎጣ ገላዋን የምታደርቁ፣ እንደዚያው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆልፎባት እራት መውጣት ነው። የማታውቀው ክፍል፣ የማታውቀው ሽታ፣ ባለቤቷ የለም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ታላዝናለች፣ በሩን ትቧጭራለች፣ ጎረቤት ክፍል ያለ ሕፃን ይነቃል። እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ፤ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ በፒጃማ የቆመ ሰው ነው የጠበቀኝ። ምን ልበለው? ይቅርታ አልኩ፣ ሽሮዬ ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

ጭራሽ ውሻ የማይወሰድባቸው ቦታዎችም አሉ፣ እዚያ ላይ ድርድር የለኝም። ባሌና ሰሜን ተራሮች ስሄድ ዳማ አዲስ አበባ ትቀራለች። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀረው ከ500 አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ፣ ወብ ሸለቆ ውስጥ ከአካባቢው ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ዳማ ተከትባለች፣ አዎ። ግን እብድ ውሻ ብቻ አይደለም የሚተላለፈው፤ ዲስቴምፐርም አለ፣ እሱም እዚያው ባሌ ቀበሮ ፈጅቷል። የኔ ቅዳሜና እሁድ ለዚያ አይመዘንም።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ስነግራት ትስቃለች። እሷም ውሻ አላት፣ በየመንገዱ ሞቴል ታድራለች፣ እሷም ታማርራለች፤ ግን የምታማርረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ስለ ክፍያው፣ ስለ ክብደት ገደቡ፣ ብቻዋን አትተዪ ተብላ ስለምትፈርመው ወረቀት። ስለ ወረቀት ማማረር ቅንጦት ነው! እዚያ ሕጉ ለአካል ጉዳተኛ የሚያገለግልን ውሻ ከቤት እንስሳ ለይቶታል፤ ሆቴሉ እሱን አልቀበልም ማለት ወይም ለእሱ ተጨማሪ ማስከፈል አይችልም፣ ግልጽ ካልሆነለት የሚጠይቀውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነው ወይ፣ ምን ሥራ ነውስ የሠለጠነው። ሁለት ጥያቄ፣ የተጻፈ። የአክስቴ ልጅ ውሻዋን ይዛ ለገና ልትመጣ አስባ የነበረውም ወረቀት ነው ያስተዋት፤ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋታቸው ከፍተኛ ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከዚህ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ውሻ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማይክሮቺፑ፣ ዕድሜው፣ ክትባቱ ሁሉ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ቅር አላት፣ ግን መልሱን ከቤቷ ሳትወጣ አወቀች። እኔ መልሴን ያወቅኩት ጄኔሬተር አጠገብ ነው።

* * *

ስለዚህ አሁን እንዴት ነው የምመርጠው? አፑን የምከፍተው ስልክ ቁጥር ለመፈለግ ነው፣ በቃ። ፎቶዎቹን ግን በደንብ አያለሁ፤ ወለሉ ምንጣፍ ከሆነ እተዋለሁ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ፎቅ ላይ ከሆኑም እተዋለሁ፣ ምክንያቱም ሌሊት ሽንቷ ሲመጣ አራት ደረጃ መውረድ አለ። ከዚያ እደውላለሁ፣ እና «ውሻ ይፈቀዳል?» ብዬ በፍጹም አልጠይቅም። ያ ጥያቄ «ችግር የለም»ን ይጠራል። የምጠይቀው ችግር የለም ተብሎ ሊመለስ የማይችለውን ነው። የት ነው የምታድረው? ግቢው ውስጥ ስንት ውሻ አላችሁ፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ይፈታሉ? ለእሷ ስንት ትጨምሩብኛላችሁ? «የት ነው የምታድረው» ለሚል ጥያቄ «ችግር የለም» ብሎ የመለሰልኝ ሰው አለ፤ አመስግኜ ዘጋሁ። በተቃራኒው «ቆይ፣ ባለቤቷን ልጠይቅ» ያለ ሰው ከተገኘ ስልኩን አልዘጋም፤ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው፣ የሚጠየቅ ሰው ካለ ደንብ ሊኖር ይችላል። ስሙን እጠይቀዋለሁ። የተስማማነውን በቴሌግራም ጽፌ እልክለታለሁ፣ «እሺ» ብሎ እስኪመልስ ብር አልከፍልም። ይሄን ስነግራቸው ጓደኞቼ «ኧረ ይሄ ሰው የቪዛ ኢንተርቪው አደረገው» ይሉኛል። ይበሉ፤ ቪትዝ ውስጥ አልተኙም።

እና ካርዷን የጠየቀችው ሴት። ዝዋይ ነው፣ ወይም ባቱ፣ እንደምትጠሩት። ኮከብ የሌለው፣ አፕ ላይ የሌለ፣ ስምንት ክፍል ያለው ፔንሲዮን። ስልኩን ያገኘሁት ከአሣ ነጋዴ ነው። ባለቤቷ ስልክ ላይ ገና «ውሻ» ስል አቋረጠችኝ።

«ቁንጫ አለባት?»

«የለባትም፣ እትዬ።»

«ተከትባለች? አልጋ ላይ ትወጣለች?»

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ዘገየሁ መሰለኝ። «ትወጣለች ማለት ነው» አለችኝ። «አንሶላዬ ላይ ከወጣች የአንሶላውን ትከፍላለህ። ጆንያ እሰጥሃለሁ፣ እሱን አንጥፍላት። 200 ብር ትጨምራለህ፣ እሱ ለኔ አይደለም፣ ለምታጸዳው ልጅ ነው። ብቻዋን ክፍል ትተሃት እንዳትሄድ። የኔው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ይዘሃት እንዳትወጣ፣ ይበላታል። ይሄን ሁሉ ከቻልክ ና፣ ካልቻልክ ሌላ ቦታ ፈልግ ልጄ፣ አትቀየመኝ።»

ስንደርስ በር ላይ ወጥታ ቆማለች። ዳማን አላየቻትም፣ እጇን ወደኔ ዘረጋች። ካርዱን ሰጠኋት። ከነጠላዋ ስር መነጽሯን አውጥታ አደረገችና ቀኑን፣ ማኅተሙን፣ የሐኪሙን ፊርማ እያንዳንዱን አነበበችው። የመጨረሻው ክትባት የአሥራ አንድ ወር ነበር። «በሚቀጥለው ወር ታሳድሳለህ» አለችኝ፣ ካርዱን አጥፋ መለሰችልኝና ጆንያውን ልታመጣ ገባች። ዳማ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያው ላይ ተኛች። እሺ፣ እስከ አሥር ሰዓት። የአንሶላውን ከፍያለሁ፤ ዋጋው ቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር ክርክር አላስፈለገም።

ከዝዋይ እንደተመለስኩ ለዚያ የድሮ ደንበኛችን በቴሌግራም ጻፍኩለት። ያን ዓምድ ልቀይርልህ፣ በነጻ፤ አንዱን ሳጥን አውጥተን በቦታው አራት ጥያቄ እናስገባ፣ የት እንደሚያድር፣ ስንት እንደሚጨመር፣ የክትባት ካርድ ይጠየቅ እንደሆነ፣ ግቢው ውስጥ የሚፈታ ውሻ ይኖር እንደሆነ፤ ሆቴሉ ካልሞላው ደግሞ ባዶ ይሁን፣ ደሃ ይምሰል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መለሰልኝ።

«ችግር የለም ወንድሜ።»

መቼ ልጀምር ብዬ ጠይቄዋለሁ። አይቶታል።